ሉና፦ አፍ የሌላት አረንጓዴ የእሳት እራት

በዚህ እትም በተፈጥሮ ዓምዳችን ስለ ምስጥ ልንጽፍ ቃል ገብተን ነበር። ምስጡ ለሚቀጥለው ይቆየን፤ የት ይሄዳል፣ ከቤታችን ምሰሶ አይጠፋም። አሁን ግን ዕዳ አለብን። ባለዕዳችን የስምንት ዓመት ልጅ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማታው የእንግሊዝኛ ክፍላችን ትማር የነበረች፣ በሪሴትልመንት ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዳ አሁን ቨርጂኒያ የምትኖር ወጣት በግንቦት ወር አንድ ፎቶ በስልክ ላከችልን። ማታ ከሥራ ስትመለስ፣ ከበረንዳው መብራት ሥር፣ የወባ ትንኝ እንዳይገባ በሩ ላይ በተወጠረው ሽቦ ተለጥፋ ያገኘቻት ነፍሳት ናት። ስፋቷ የአዋቂ ሰው መዳፍ ያክላል። ቀለሟ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ያልበሰለ ሎሚን የሚመስል። ገላዋ ነጭ ሆኖ እንደ ተፈተለ ጥጥ ለስላሳ ነው። ከኋላ ክንፎቿ ደግሞ ሁለት ረጃጅም ጅራቶች ተንጠልጥለዋል። እናትየው «ይሄ ደግሞ የምን ምልክት ነው? ገና አገሩን ሳንለምደው!» ብለው መጥረጊያ አነሱ። ታናሺቱ ልጅ አልቅሳ አስጣለቻቸው።

ጥያቄያቸው ሁለት ነበር። መርዝ አላት ወይ? ምን እናብላት?

እኛም በዚያው ዕለት በጥድፊያ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፈን ላክን። «ቢራቢሮ ናት። አትናደፍም። በካርቶን አስቀምጧትና በስኳር ውሃ የራሰ ጥጥ ስጧት።» በአምስተኛው ቀን ሞተች። በማግስቱ የታናሺቱ ድምፅ በስልክ መጣ፦ «ጋሼ፣ ስኳሩን እኮ አልነካችውም። እኛ ነን እንዴ የገደልናት?»

ያን ጊዜ ነው ቁጭ ብለን በወጉ ያነበብነው። ማንበቡ ከመመለሳችን በፊት መሆን ነበረበት። ከሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ትክክለኛው የመካከለኛው ብቻ ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ለእሷ መልስ እንዲሆን ነው፤ እግረ መንገዱንም ለሰባተኛ ክፍል የሳይንስ ክበብ ተማሪዎቻችን፣ ፎቶውን አይተው «ይሄማ በኮምፒውተር የተሠራ ነው» ብለው ለተከራከሩን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቢራቢሮ አይደለችም

ስሟ ሉና ነው። በላቲን ቋንቋ ጨረቃ ማለት ነው። ወገኗ ከቢራቢሮዎች ሳይሆን እኛ የእሳት እራት ከምንላቸው፣ ማታ ማታ ፋኖስ ከሚዞሩት ነፍሳት ነው። ሁለቱን ለመለየት አንቴናቸውን ማየት ይበቃል። የቢራቢሮ አንቴና ቀጭን ዘንግ ሆኖ ጫፉ ላይ እንደ ክብሪት ራስ ያብጣል። የሉና አንቴና ግን እንደ ላባ ወይም እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በሁለት በኩል የተዘረጋ ነው። ፎቶው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር፤ እኛ አላየነውም።

በጽሑፍ መጀመሪያ የገለጻት ጄምስ ፔቲቨር የተባለ እንግሊዛዊ ነው፣ በ1700። የሰጣት የላቲን ስም ባለ ላባና ባለ ጅራት እንደማለት ነው። ከሰሜን አሜሪካ ትላልቅ የሐር የእሳት እራቶች መካከል በመጽሐፍ የተመዘገበች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ሉና የሚለውን ስም ያወጣላት ደግሞ ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ ነው፣ በ1758። በአራቱም ክንፎቿ ላይ ዓይን የሚመስሉ ክብ ነጠብጣቦች ስላሉ ስሙ ይስማማታል።

አገሯ ምሥራቃዊ ሰሜን አሜሪካ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ከፍሎሪዳ እስከ ሜን፣ በካናዳ ከኖቫ ስኮሺያ እስከ ሳስካቸዋን ድረስ ደን ባለበት ሁሉ ትገኛለች፤ ከትልቁ የሣር ሜዳ ወዲያ ወደ ምዕራብ ግን የለችም። ይህ ማለት ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ሚኒሶታ ወይም ቶሮንቶ አካባቢ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ዘመዳችሁ የምትኖርበት አገር የእሷም አገር ነው። ካሊፎርኒያ ያላችሁ አትድከሙ። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ይወዷታል፤ በ1987 ባወጡት የዱር እንስሳት ቴምብር ላይ ሥዕሏ አለ። ሆኖም እዚያው ተወልደው አርጅተው አንድ ቀን እንኳ ያላዩዋት ብዙ ናቸው። ለምን እንደሆነ ከዚህ በታች ይገባችኋል።

ስኳሩን ለምን አልነካችውም?

አፍ ስለሌላት ነው። ቀልድ አይደለም። ቢራቢሮ የአበባ ማር የምትስብበት የተጠቀለለ ቱቦ አላት። ሉና ግን አድጋ ክንፍ ካወጣች በኋላ አፏ የሚባለው ነገር የማይሠራ ቁራጭ ሆኖ ነው የሚቀረው። አትበላም፣ አትጠጣም። የምትኖረው በአባጨጓሬነት ዘመኗ በልታ በሰውነቷ ባጠራቀመችው ስብ ነው። ስቡ ሲያልቅ ዕድሜዋም ያልቃል። ይህም አንድ ሳምንት ገደማ ነው።

እንግዲህ የኔ ልጅ፣ መልሱ ይህ ነው። እናንተ አልገደላችኋትም። ስኳር ባትሰጧት፣ ወተት ብታቀርቡላት፣ ዛፍ ላይ ብትተዋት ሁሉም ያው ነበር። ሽቦው ላይ ስታገኟት ምናልባት አንድ ወይም ሁለት ቀን ኖራለች፤ አምስት ሲጨመርበት ሙሉ ዕድሜዋ ነው።

ሆኖም እውነቱን ሁሉ እንናገር ካልን፣ ካርቶኑ ምንም አልጎዳትም ማለት አንችልም። የሰባት ሌሊት ዕድሜ ላላት ፍጡር አራትና አምስት ሌሊት ተዘግቶባት ማለፉ ቀላል አይደለም። ካርቶኑን የመከርነው እኛ ነን። ጥፋቱም የእኛ ነው።

በሰባቱ ሌሊት ምን ትሠራለች? ሥራዋ አንድ ብቻ ነው፤ ዘር መተካት። ሴቷ ከወጣች በኋላ ሩቅ አትሄድም። ሌሊት ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ከሆዷ ጫፍ ሽታ ትለቅቃለች። ሽታውን ሰው አያሸተውም። ወንዱ ግን ያ ሰፊ የላባ አንቴናው (ከሴቷ አንቴና ይበልጥ የሰፋ ነው) ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ስለሆነ፣ ነፋሱን እየተቃወመ ሽታውን ተከትሎ በጨለማ ከሩቅ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ የሚገናኙት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። በማግስቱ ማታ ሴቷ እንቁላል መጣል ትጀምራለች፤ በቅጠል ሥር እዚህ አራት፣ እዚያ አምስት እያደረገች በጠቅላላው ከ200 እስከ 400 ትጥላለች።

ልጅቷ በመጀመሪያው መልእክት ያልነገረችን አንድ ነገር ነበር፤ ካርቶኑ ግድግዳ ላይ ቡናማ የሆኑ፣ ጤፍ ቢያብጥ የሚያህሉ ነገሮች ተለጥፈዋል አለች። ወደዚያ እንመለሳለን።

በላተኛው ልጅ ነው

የሉና የመብል ዘመን ሁሉ በአባጨጓሬነት ያልቃል። እንቁላሉ እንደ አየሩ ሙቀት ከ8 እስከ 13 ቀን ቆይቶ ይፈለፈላል። የሚወጣው ትንሽ አረንጓዴ ትል ወዲያው ቅጠል ፍለጋ ይሄዳል። እየበላ ሲወፍር ቆዳው ይጠበዋል፤ ስለዚህ ይገፈዋል። አራት ጊዜ ቆዳ ገፎ አምስት ደረጃ ያልፋል። በመጨረሻው ደረጃ እስከ 9 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ ጎኑ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች ያሉበት አረንጓዴ አባጨጓሬ ይሆናል። ሲነኩት የፊት ገላውን ቀና ያደርጋል፤ መንጋጋውን ቀጭ ቀጭ ያሰማል፤ ካልተውትም የበላውን ያስመልስበታል። ከዚህ ሌላ መሣሪያ የለውም። አይለበልብም። (እዚያው አገር አዮ የምትባል የቅርብ ዘመድ አለችው፤ የእሷ አባጨጓሬ እሾኹ ክፉኛ ይለበልባል። ስለዚህ አሜሪካ ያላችሁ ልጆች፣ አረንጓዴ ሁሉ ሉና ነው ብላችሁ እጃችሁን እንዳትሰዱ።)

የሚበላውን ግን ይመርጣል። በሰሜን በኩል ያሉት በአብዛኛው በርች የሚባለውን ቅርፊቱ ነጭ የሆነ ዛፍ ይበላሉ። ወደ ደቡብ ያሉት የዋልነት፣ የሂከሪ፣ የፐርሲመን፣ የሱማክና የስዊትገም ቅጠል ይወዳሉ። ሌላ ቅጠል ቢሰጡት ብዙ ጊዜ እምቢ ብሎ በረሃብ ይሞታል።

በቂ ሲበላ ከአፉ ስር ሐር እያወጣ ራሱን በቅጠል ይጠቀልላል። የሚሠራው ጎጆ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። ውስጡ ሆኖ ወደ ፑፓነት ይለወጣል፤ ፑፓ ማለት እግርም ክንፍም የማይታይበት፣ ቡናማ የእንቅልፍ ደረጃው ነው። እንቅልፍ አልነው እንጂ ጎጆውን ሲነካኩት ውስጡ ሲንፈራገጥ ይሰማል። ጎጆው ከቅጠሉ ጋር መሬት ይወድቃል፣ ከወደቀው ቅጠል ተቀላቅሎም ይጠፋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚደንቅ ነገር አለ። አባጨጓሬው የቀኑን ርዝመት ይለካል። ቀኑ ረጅም ሆኖ ካደገ ፑፓው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይወጣል። ቀኑ እያጠረ ከመጣ ግን፣ ክረምት እየደረሰ ነው ማለት ስለሆነ፣ ፑፓው ዕድገቱን አቁሞ በረዶ ሥር ይከርማል። በካናዳ በዓመት አንድ ትውልድ ብቻ ነው የሚኖረው፤ ስለዚህ ከዓመቱ አብዛኛውን ወራት ጎጆ ውስጥ ነው የሚያሳልፈው። ወደ ደቡብ በተወረደ ቁጥር ሁለት፣ ሦስትም ትውልድ ይደርሳል። በደቡብ የፀደይዋና የበጋዋ ሉና በመልክ ይለያያሉ፤ የፀደይዋ የክንፏ ዳር ወይን ጠጅ ቀለም አለው፣ የበጋዋ ወደ ቢጫ ያደላል።

መውጫው ጠዋት ነው። ክንፏ ሥር ባሉ ሹል እሾኾች የሐሩን ጎጆ ቀድዳ ትወጣለች። ስትወጣ ብታዩዋት ታዝናላችሁ፤ ሆዷ ያበጠ፣ ክንፏ የተጨማደደ እርጥብ ጨርቅ ነው የሚመስለው። ቶሎ ብላ አንድ ነገር ላይ መውጣት አለባት። ተንጠልጥላ ከሆዷ ፈሳሽ ወደ ክንፎቿ ስትገፋ ክንፎቹ ይዘረጋሉ፣ ከዚያም ይደርቃሉ። የምትወጣበት ካጣች ክንፉ እንደተጨማደደ ደርቆ ይቀራል፣ አትበርም።

በነገራችን ላይ፣ በአሜሪካ ከተሞች በበልግ የወደቀውን ቅጠል በላስቲክ ከረጢት ሰብስቦ መጣል ልማድ ነው። ጎጆው ያለው ደግሞ እዚያው ቅጠል ውስጥ ነው። ስንት ሉና ከቆሻሻ መኪና ጋር እንደሚሄድ አስቡት። ግቢ ያላችሁ ዘመዶቻችን ጥግ ላይ ትንሽ ቅጠል ብትተዉ ማንም አይከስስም። የሰፈሩ ደንብ ካልከለከለ ማለታችን ነው።

ጅራቱ ለጌጥ አይደለም

የክበባችን ተማሪዎች በጣም የተከራከሩበት ይህ ነው። ያን የሚያህል ጅራት ለመብረር ሸክም አይሆንም ወይ? ለምን ኖራት?

የሉና ትልቁ ጠላት የሌሊት ወፍ ናት። የሌሊት ወፍ በጨለማ የምታድነው በድምፅ ነው፤ እኛ የማንሰማውን ቀጭን ድምፅ ትለቅቅና ነገሩ ላይ ነጥሮ ሲመለስ ሰምታ የት እንዳለ ታውቃለች። ብዙ የእሳት እራቶች ይህን ድምፅ የሚሰሙበት ጆሮ ስላላቸው ሲሰሙ ይጠማዘዛሉ፣ ይወድቃሉ። ሉና ግን ጆሮም የላትም። አፍ የላት፣ ጆሮ የላት፤ ታዲያ በምን ታመልጣለች?

በ2015 በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት የቦይዚ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ጄሲ ባርበርና ባልደረቦቹ የፈተኑት ይህንኑ ነው። ሉናዎችን በጨለማ ክፍል በክር አንጠልጥለው የሌሊት ወፎች ለቀቁባቸው፤ የሆነውንም በጨለማ በሚያይ ፈጣን ካሜራ ቀረጹ። ከፊሎቹ ጅራታቸው አልተነካም፣ ከፊሎቹ ተቆርጦባቸዋል። ጅራት ካላቸው ከመቶ 35 ያህሉ ተያዙ። ጅራት ከሌላቸው ግን ከመቶ 81። ካሜራው እንዳሳየው የሌሊት ወፎቹ ከግማሽ በላይ በሆነ ጊዜ ያነጣጠሩት ጅራቱን ነበር። ሉና ስትበር ጠምዘዝ ያለው የጅራቷ ጫፍ ይሽከረከራል፤ መሽከርከሩም ድምፁን እየመለሰ «ዋናው ገላ እዚህ ነው» ብሎ ያሳስታል። የሌሊት ወፏ ጅራት ነክሳ ትቀራለች፣ ሉና ጅራቷን ጥላ ትሄዳለች። ጅራት አጥታም መብረር ትችላለች።

አንድ ተማሪያችን «እንሽላሊት ናታ!» አለ። ልክ ነው፣ ዘዴው አንድ ነው። ልዩነቱ የእንሽላሊቷ ጅራት ዓይንን ሲያታልል፣ የሉና የሚያታልለው ጆሮን መሆኑ ነው።

የእሳት እራት ስንል

ቋንቋችን እነዚህን ነፍሳት የእሳት እራት ብሎ መሰየሙ ፋኖስ አጠገብ ያደገ ሰው ያወጣው ስም መሆኑን ያስታውቃል። እሳቱ ይበላቸዋልና። አንዳንድ ሰው ስለ ሞኝነት ሲናገር በምሳሌነት ያነሳቸዋል፤ እሳት መሆኑን እያዩ ይገባሉ ይባላል። ይህ ግን ያለ ጥፋታቸው ነው።

በ2024 ከለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅና ከፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ነፍሳት መብራት ዙሪያ ሲበሩ በፈጣን ካሜራ ቀርጸው ያገኙትን አሳተሙ። ነፍሳቱ ወደ መብራቱ በቀጥታ አይሄዱም። የሚያደርጉት ጀርባቸውን ወደ ብርሃኑ ማዞር ነው። በተፈጥሮ ሌሊት ከሁሉ የሚደምቀው ሰማዩ ስለሆነ፣ ጀርባህን ወደ ብርሃን ካደረግህ ቀጥ ብለህ ነው የምትበረው። አምፖል ከጎን ሲመጣ ግን «ላይ» የት እንደሆነ ይጠፋባቸዋል። ጀርባቸውን ወደ አምፖሉ ሲያዘነብሉ ይዞራሉ፣ እንደገና ይዞራሉ፣ መውጫ ያጣሉ። ሁሉም ዝርያ እንዲህ ያደርጋል ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ግን ያደርጉታል።

ሉናም የበረንዳው ሽቦ ላይ የተገኘችው መብራቱ አምሯት አይደለም። መንገድ ጠፍቷት ነው። ስለዚህ ዋናውን ምክር ዛሬ እናርመው፦ በራችሁ ላይ ካገኛችኋት ካርቶን አትፈልጉ። መብራቱን አጥፉና ግቡ። በቃ። ጠዋት ካላገኛችኋት መልካም ነው። አሁንም ተለጥፋ ካለች ጣታችሁን ከእግሯ ሥር አስገብታችሁ ወደ ጥላ ዛፍ ውሰዷት፤ ክንፏን አትጨብጡ።

መድኃኒቱ ከበሽታው ሲብስ

ሉና ዛሬ እንደ ዝርያ ልትጠፋ የተቃረበች አይደለችም፤ በደቡብ በኩል ብዙ ናት። በአንዳንድ ስፍራ ግን እሷንም ዘመዶቿንም የሚያጠቃ አንድ ዝንብ አለ፤ የዝንቡ ታሪክ ደግሞ የሚጀምረው ከአንድ ስደተኛ ነው።

ኤቲየን ትሩቭሎ የተባለ ፈረንሳዊ በ1851 በአገሩ የመንግሥት ግልበጣ ከተደረገ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄዶ ማሳቹሴትስ ግዛት ሜድፎርድ ከተማ ተቀመጠ። የሐር ትል ጉዳይ ልቡን ይዞት ነበር። የሉና ዘመድ የሆነውን ፖሊፊመስ የተባለውን ዝርያ ከቤቱ ጀርባ በመረብ በሸፈነው ቦታ በብዙ መቶ ሺዎች አረባ። ከዚያም በ1860ዎቹ መጨረሻ ከአውሮፓ ሌላ የእሳት እራት እንቁላል አስመጣና ከእጁ አመለጠው። ያ ያመለጠው ዝርያ በ1889 የአካባቢውን ዛፍ ሁሉ ቅጠል አሳጣ፤ እስከ ዛሬም የአሜሪካ ደን ጠላት ነው። (የዚህ ነፍሳት የቀድሞ የእንግሊዝኛ ስም የሮማ ሕዝብን የሚሰድብ ቃል ስለነበረበት በ2022 ተቀይሯል። ሕዝብን በተባይ መጥራት ምን እንደሚመስል ለምናውቅ ሰዎች ጥሩ ወሬ ነው።) ትሩቭሎ ራሱ ነፍሳቱን ትቶ የሰማይ አካላትን ሥዕል መሥራት ጀመረ፣ በዚያም ታዋቂ ሆነ።

ሰዎቹም ይህን ተባይ ይገድልልናል ብለው ከ1906 ጀምሮ ከአውሮፓ አንድ ዝንብ አምጥተው ለቀቁ። ዝንቡ ልጁን አባጨጓሬው ገላ ውስጥ ያስገባል፤ ልጁም አባጨጓሬውን ከውስጥ በልቶ ይገድላል። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ስህተቱ ሒሳብ ላይ ነበር። ተባዩ አባጨጓሬ ሆኖ የሚገኘው በዓመት አንዴ፣ በፀደይና በበጋ መጀመሪያ ነው። ዝንቡ ግን በዓመት ብዙ ጊዜ ይወልዳል። ታዲያ ተባዩ ሲያልቅ ቀሪዎቹ ልጆቹ ምን ይብሉ? የአገሩን አባጨጓሬ። ከ180 በላይ ዝርያዎችን እንደሚያጠቃ ታውቋል።

በ2000 የታተመ የማሳቹሴትስ ጥናት ሴክሮፒያ የተባለችውን የሉና ትልቅ ዘመድ 500 አባጨጓሬዎች በ100 ዛፎች ላይ አስቀምጦ ተከታተለ። ከአምስተኛው ደረጃ ያለፈ አንድ እንኳ አልነበረም። በትንንሾቹ ላይ በተደረገው ክትትል ከሞቱት ከመቶ 81 ያህሉን የገደለው ያ ዝንብ ነው። በ2003 ደግሞ እዚያው ቨርጂኒያ በሉና አባጨጓሬዎች ላይ በተደረገ ጥናት ዝንቡ ተገኘባቸው። ደግነቱ እዚያ ዝንቡን ራሱን ከውስጥ የሚበላ የአገሩ ተርብ አብሮ ተገኝቷል። ሰው ያበላሸውን ተርብ በከፊል ሲያቃና ማየት ያስቃል።

ዘመዶቿ እኛ ዘንድ

ተማሪዎቹ «የእኛስ?» ብለው ጠይቀውን ነበር። የሉና ቤተሰብ በአፍሪካም አለ። በኬንያና በታንዛኒያ፣ ወደ ደቡብም እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ፣ አረንጓዴ ቢጫ የሆነች፣ ጅራቷ ከሉና ይበልጥ የረዘመ የአፍሪካ የጨረቃ የእሳት እራት አለች። ኢትዮጵያ ውስጥ በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ለገበሬዎች የተዋወቀው፣ የጉሎ ቅጠል የሚበላው የኤሪ የሐር ትልም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። እሱም አድጎ ክንፍ ሲያወጣ አይበላም። ጉሎ ቅጠል ላይ ሲርመሰመስ ያያችሁት ካላችሁ የሉናን የአጎት ልጅ አይታችኋል ማለት ነው።

የካርቶኑ ነገር

አሁን ወደ ልጅቷ እንመለስ። ካርቶኑ ላይ የተለጠፉት ቡናማ ነገሮች እንቁላል ነበሩ። ሉና ወንድ ሳታገኝም እንቁላል ልትጥል ትችላለች፣ እነዚያ ግን አይፈለፈሉም። ሽቦው ላይ ከመገኘቷ በፊት ተገናኝታ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በዚህኛው ጊዜ አንብበን መለስን፦ ካርቶኑን ፀሐይ ከማይመታበት ቦታ አስቀምጡ፣ ውሃ አታፍስሱበት፣ እስከ 13 ቀን ጠብቁ።

ልጅቷ በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ እያሰመረች ጠበቀች። በአሥረኛው ቀን እህትየዋ በሌሊት ላከችልን፤ 31 ትንንሽ አረንጓዴ ትሎች። ሰላጣ ቢሰጧቸው አልነኩም። የስዊትገም ቅጠል ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ እንደሚመስል፣ ሥሩም እሾኻማ ክብ ፍሬ እንደሚረግፍ ጻፍንላቸው። እናትየው «መጥረጊያ ላይ ችግር የፈጠረብኝማ ይሄ ፍሬ ነው፣ መኪና ማቆሚያው ሞልቶታል» አሉ። ዛፉ እዚያው በራቸው ላይ ነበር። በማግስቱ ልጅቷ፣ እህቷና እናቷ ሆነው ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርገው አንድ በአንድ ቅጠሉ ላይ አስቀመጧቸው። ከ31ዱ ሁለቱ መንገድ ላይ ወድቀው ጠፍተዋል ብላናለች።

ለሚቀጥለው እትም ጥያቄ ያላችሁ እንደተለመደው በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ባለው ሣጥን አስገቡ። ምስጡ ይቀጥላል።